ሰው አምነው የኖሩት የአማካሪዋ የእትዬ ታዛ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ታዛ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ለቤቱ የበኩር ልጅ ሆነው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። መዝገብ ላይ የሰፈረው ስማቸው ሌላ ነው። ገና በልጅነታቸው የተከፋ ሁሉ እሳቸው ዘንድ እየሄደ ስለሚጠጋ እናታቸው «ታዛ» አሏቸው፤ በዚያው ቀረ።

ያደጉት ከአባታቸው ጠባብ ሱቅ፣ ከመስታወቱ ጀርባ ነው። ሰዓት ሊያሠራ የመጣ ሰው ቆሞ ሲጠብቅ የትዳሩንም የልጁንም ያወራል። አባታቸው አጉሊ መነጽራቸውን ሳያወልቁ፣ «ሰዓቱ ይቆየን፤ መጀመሪያ ያመጣውን ሰው አዳምጪው» ይሏቸው ነበር።

በ1969 ዓ.ም. በመምህርነት ተመርቀው ዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተማሩ። እውነቱን ለመናገር ሒሳቡ ብዙም አልሆነላቸውም፤ ተማሪው ግን በእረፍት ሰዓት ከክፍላቸው አይወጣም ነበር። ርዕሰ መምህሩ፣ «ለመሆኑ እርስዎ የሚያስተምሩት ምንድን ነው?» ቢሏቸው፣ «እኔም እሱን ነው የማፈላልገው» አሉ። ፈልገውም አገኙት፤ በትርፍ ሰዓታቸው ሥነ ልቦና ተምረው በ1982 ዓ.ም. በምክር አገልግሎት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

በ1974 ዓ.ም. ከመሬት ቀያሽ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው፣ «ለአገር ምድሩ ጆሮ፣ ለእኔ ሲሆን ግድግዳ!» ሲሉ እትዬ ታዛ ሆን ብለው «ምን አልክ?» ይሉ ነበር። በዚያ ቤት ሳቅ አይጠፋም ነበር።

በ1984 ዓ.ም. ከአንድ መነጽር ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይተው የምክር አገልግሎት ቢሯቸውን ከፈቱ። አንድ ዓይነት ሁለት ወንበሮች ገዙ፤ ጠረጴዛ ግን አላስገቡም። «ጠረጴዛ ካለ እኔ ዳኛ፣ እሱ ተከሳሽ» ይሉ ነበር። የሚመጣውን ሰው «ታካሚ» ብለው አያውቁም፤ «እንግዳዬ» ነው የሚሉት። አሳስተው ከተረዱ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ «የሚያድነው ምክሬ አይደለም፤ በመካከላችን ያለው መተማመን ነው» ይላሉ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ሦስት ሳምንት መጥቶ ምንም ሳይተነፍስ ሄደ። በአራተኛው እትዬ ታዛ፣ «ዛሬ በጣም ደክሞኛል፤ እንኳን መጣህልኝ፣ ዝም እንበል» ቢሉት ሰውዬው በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲያ ሲናገር የሚያስቆመው አልተገኘም።

በ1998 ዓ.ም. እናቷ በቅርቡ የሞተችባት አንዲት ተለማማጅ ወደ ቢሮው መጣች። ሙያውን ከእንግዳ አቀባበል ጀምሮ አስተማሯት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤታቸው ማዕድ አትጠፋም፤ ስትመረቅ በወላጅ ቦታ የቆሙላት እሳቸው ናቸው። የቀጠሮ ደብተሩን የምትይዘው ታናሽ እህታቸው፣ «እትዬ፣ የእንግዶችሽ ማስታወሻ ያለበትን ቁም ሣጥን ቁልፍ እንኳ ለራስሽ አስቀሪው» ብትላቸው፣ «ግማሽ ማመን የሚባል ነገር የለም» ብለው ሁለተኛውን ቁልፍ ለተለማማጇ ሰጡ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። በ2006 ዓ.ም. ተለማማጇ አንድ የከሰዓት የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ «ከሥራ ገጠመኞቼ» እያለች ከቁም ሣጥኑ ያነበበችውን ትተርክ ጀመር። ከእትዬ ታዛ እንግዶች አንዷ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሬዲዮ ከፍታ ትሰፋለች፤ ለአካለ መጠን የደረሰች ልጇ አጠገቧ ተቀምጣለች። ሬዲዮው፣ ሕፃን ልጇን ለአሥራ አንድ ቀን ጥላ ስለጠፋች እናት ያወራል፤ ልጅቱ እንዳትረሳት ብላ ሰባት ዓይነት ቀለም ያላቸው ሰባት ቁልፎች ኮቷ ላይ ተክላላት ነበር ይላል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ቀና ብላ፣ «እማ፣ ይሄ የእኔ ኮት አይደለም እንዴ?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ በማግስቱ መጣች። አልተቀመጠችም። «ለእናቴ ያልነገርኩትን ለእርስዎ ነገርኩ። ልጄ ከሬዲዮ ሰማችው» ብላ ወጣች። (ይህ ታሪክ እዚህ የተጻፈው ልብስ ሰፊዋም ሹፌሩም ጽሑፉን አስቀድመው አንብበው ስለፈቀዱ ነው።)

እትዬ ታዛ ተለማማጇን ጠርተው ጠየቋት። «ስም አልጠራሁም እኮ! ሰው እንዲማርበት ብዬ ነው» አለች። ይህስ ባልከፋ። የሙያ ማኅበሩ ጉዳዩን ሲመረምር ግን፣ «እሳቸው ፈቅደውልኝ ነው» የሚል ደብዳቤ ፈርማ አስገባች። እትዬ ታዛ የማኅበሩ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ «ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ፈቃድ ግን አልሰጠሁም» አሉ። ኮሚቴው ወረቀቱን አመነ። ፈቃዳቸው ለሁለት ዓመት ታገደ። ሃያ ዓመት አብረው የሠሩ ባልደረቦቻቸው መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ። ለአርባ አንድ እንግዶቻቸው በእጃቸው የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ የላኩት ስድስት ናቸው።

እትዬ ታዛ ቻሉት ብለን አንዋሽም። ወራት ሙሉ ከአልጋ አልወርድ ብለው ነበር። በኋላ በራሳቸው ፈቃድ ሌላ ከተማ ወዳሉ አንድ አዛውንት አማካሪ በየሳምንቱ በአውቶቡስ እየተመላለሱ የራሳቸውን ሕመም ተናገሩ። «ከሃያ ዓመት በላይ ወንበሩን አውቀዋለሁ ስል ማዶውን አላውቀውም ኖሯል» ይሉ ነበር። በ2009 ዓ.ም. እንደገና ሥራ ጀመሩ፤ የማስታወሻ ቁም ሣጥኑ ቁልፍ ግን ከዚያ ወዲያ ከአንገታቸው አልወረደም።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ተለማማጇ የነበረችው ሴት ይህን ሰምታ መጣች። እህታቸው በር ላይ ልትመልሳት ስትል፣ ከውስጥ «አስገቢያት» አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስታለቅስና ስትናገር አዳመጧት። ከዚያም፣ «ሰማሁሽ። ዋሽተሽብኛል፤ እንደ ልጄ ነበርሽና ከሁሉም እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። እኔ ዘንድ ምንም የለሽም፤ መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሂጂ፣ ቀጥሎ ማኅበሩ» አሏት። ሁለቱም ዘንድ ሄዳለች። ደብዳቤዋን ሐሰት ነው ብላ አንስታለች፤ የማኅበሩ መልስ ግን እትዬ ታዛ በሕይወት እያሉ አልደረሰም። ልብስ ሰፊዋ ከልጇ ጋር መጥታ ሦስት ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጣለች።

ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው ናት። በመጨረሻው ሳምንት እጇን ይዘው እንዲህ አሏት፦ «ሁሉን ይቅር ብላ አለፈች ብለሽ እንዳታሳምሪኝ። ጀምሬው ነበር፤ አልጨረስኩትም በዪ።» እንደ ቃላቸው ተጽፏል። እህታቸው ግን ገና አልጀመረችም።

እትዬ ታዛ ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ክዳት በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ጀምረው የተዉትን የምንጨርስበት ዕድሜና ልብ ይስጠን።