የኮሪያ ሾርባ ለቡሬ ሽማግሌዎች

መጋቢት 3
ዛሬም መንገድ ዝግ ነው። ባጃጅ የለም፣ ጋሪም የለም። ፍኖተ ሰላም ጭጭ ብላለች። ገበያው ቶሎ ሳይበተን ሮጬ ጥቅል ጎመን ገዛሁ።

"ምን ልትሠሪበት ነው?" እማዬ።
"የኮሪያ ምግብ።"
"በጾም?!"
"የጾም ነው እኮ! ጎመን፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል..."
"ታዲያ ወጥ ነው በይኛ!"

ወጥ አይደለም። ኪምቺ ነው፣ በጨውና በበርበሬ ተብላልቶ የሚኮመጥጥ ጎመን። ኢንተርኔት ስለሌለ አሠራሩን እህቴ ሰብለ ከአዲስ አበባ በስልክ ነገረችኝ። የምትሠራበት የኮሪያ ምግብ ቤት ረዳት ይፈልጋል። ኪምቺ ሾርባ ሠርታ ካሳየች ትምጣ ብለዋል። አሳያቸዋለሁ! ብቻ መንገድ ይከፈት። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ከዚህ ግቢ የምወጣው ለገበያና ለቅዳሴ ነው። ታፍኜ ልሞት ነው።

መጋቢት 8
ጉድ ሆንኩ። በጨው አሽቼ፣ በበርበሬ ለውሼ፣ ጠርሙስ ውስጥ ጠቅጥቄ ያስቀመጥኩትን ጎመን ዛሬ ቀመስኩት... ኮረሪማ! ጥቁር አዝሙድ! በሶብላ! የወጡን በርበሬ ነው ለካ የጨመርኩት፣ ከነቅመሙ። እንኳን ኮሪያ ደንበጫም አልደረሰ።

"ይሄማ የኛው ወጥ ነው፣ ያልበሰለ" አለች እማዬ። ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ለጎመን ይለቀሳል?

መጋቢት 9
ዛላ በርበሬ ብቻውን ወቅጬ ሌላ ጎመን ለወስኩበት። ምንም ቅመም አላስጠጋሁም። ማስነጠስ ሊገድለኝ ነበር።

መጋቢት 15
ሸተተ። እማዬ አይጥ ሞቷል ብላ አልጋ ሥር ስትፈልግ አረፈደች። ሰብለ እንዳለችው በየጠዋቱ ክዳኑን ከፍቼ አየሩን አስወጣለሁ፣ አለዚያ ይፈነዳል። ለጎመን እንኳ ይከፈትለታል። ለኔስ?

አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ወሬ ይዘው መጡ። ቄስ ናቸውና ወሬ ቶሎ ይደርሳቸዋል። ከቡሬ ሽማግሌ ሊላክ ነው። ለኔ! ልጁ ክንዱ ይባላል፣ በርበሬ ያመርታል። አይቼውም አላውቅ።

"መንገድ ሲከፈት ይመጣሉ" አሉ።

ምነው ዝግ ሆኖ በቀረ! ግን ዝግ ሆኖ ከቀረ እኔስ በየት እወጣለሁ? ምን ብዬ ልጸልይ?

መጋቢት 21
ተከፈተ! ጠዋት የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ሰብለ ደወለች፤ "ነገ በመጀመሪያው መኪና ነይ።" ሾርባውን ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ብዬ ኪምቺውን ከነውሃው፣ ከሽንኩርትና ከድንች ጋር ጣድኩት። አባዬን ማታ እነግራቸዋለሁ ብዬ።

ድስቱ ሲንተከተክ ሽማግሌዎቹ ከች። ቡሬ ቅርብ ነዋ! ሩቁ አዲስ አበባ ነው።

ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። አባዬም እንደ ደንቡ "ዘመድ ላማክር፣ ተመለሱ" አሉ። አልሰጋሁም። ሽማግሌ ተመላልሶ ነው እሺ የሚባለው። የጾም መፍቻው ሰዓት ደርሶ ነበርና ተቀመጡ ተባሉ። ቤት ውስጥ ግን ወጥ የለም። እማዬ ድስቴን አየች። "በይ እሱኑ አቅርቢ።"

ደስ አለኝ! ሚጥሚጣ በእፍኝ ጨመርኩበት። ተቃጥለው፣ "ይቺን ማን ያገባል" ብለው ይሄዱልኛል ብዬ።

ትልቁ ሽማግሌ አባ ኪዳነ ማርያም ጎረሱ። እንባቸው መጣ። በጋቢያቸው ጠረጉ።

"ማነው የሠራው?"
"ልጅቱ ናት" አሉ አባዬ፣ በሐፍረት።
"እሰይ! የእናቴን ስልጆ አስታወሰችኝ። እንዲህ የሚያላብስ ነገር ከቀመስን ስንት ዘመናችን! ጨምሩልን እንጂ!"

ጨመርኩላቸው። በገዛ እጄ! ባለሙያ ናት ተባልኩ።

"ቄስ፣ ነገ መንገዱ ይዘጋ ይሆናል፣ መመላለሱን ይተዉልን" አሉ አባ ኪዳነ ማርያም። "ዛሬውኑ እሺ ይበሉን።"

አባዬ እሺ አሉ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

መጋቢት 22
መኪናው ሄደ። "የታጨች ልጅ የት ትሄዳለች?" አሉ አባዬ።

መጋቢት 23
መንገድ ተዘጋ። ድስቱን ማየት አስጠልቶኛል።

መጋቢት 25
ወጥ ቤት ስገባ እማዬ ጎመን በጨው ታሻለች።

"ምንድን ነው?"
"የኮሪያሽ ነዋ። እነዚያ ጠራርገው በሉት። እህትሽ ጋ ባዶ እጅሽን ልትሄጂ ነው?"
"አባዬ እኮ እሺ ብለዋል።"
"እሳቸው ብለዋል። እኔን ማን ጠየቀኝ?"

ቀና ብላ አላየችኝም። ጎመኑን ታሻለች።

"ያኔ ሲድሩኝም ማንም አልጠየቀኝ" አለች ቀስ ብላ። "ዛላውን አምጪ ይልቅ። ቅመም የሌለበትን።"

መጋቢት 29
መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ክዳኑን ልከፍት ስነሣ እማዬ ቀድማኛለች። ከጠርሙሱ አጠገብ ሻንጣዬ ተቀምጧል። ልብሴን አጣጥፋ ከትታበታለች።