አንተ ከፍ ያደረግካት መኪና

ለልጄ ለታደለ፣

የኔ ጌታ፣ ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ቀስ ብለህ ስማኝ። የማወራህ ስለ ላንድሮቨሯ ነው። ብትኖር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ እሷ ነበር፤ የእኔን ጤና የምትጠይቀው ቀጥለህ ነው።

የጌራ መንገድ ሲጨቀይ ሆዷ ጭቃው ላይ እየተቀመጠ ስንቴ በበሬ ተጎትታ ወጣች? አባትህ "መንገዱ ነው" ይላል፤ አንተ "እሷ ናት ያጠረችው" ትላለህ። በመጨረሻ ከተማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ወደሚገኘው ጋራዥ ወስደህ ከፍ አደረግካት። ከሥሯ ተደራርበው ሸክሙን የሚችሉት ባሌስትራዎች ላይ ብረት ጨመርክ፣ ትልልቅ ጎማ አገባህላት፣ ጎማው ሲዞር እንዳይነካው ፓራፋንጎዋን በመጋዝ ቆረጥክ። ግቢ ስትገባ ጎረቤታችን አደ ዘይነባ እጇን አፏ ላይ ጭና "ያ ረቢ! ይቺ መኪና ናት ግመል?" አለች። አንተም "ግመል ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ ይቺ አትንሸራተትም" አልካት።

እኔ ግን መውጣት አቃተኝ። እግሬ አልደርስ ሲል ከኋላዬ አቅፈህ ታነሳኝ ነበር፣ "እማዬ፣ ለአንቺማ ክሪክ ያስፈልጋል" እያልክ። ሳቅህ ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ጀንፈል ቡና እስከ አፏ ጭነህ መጣህ። ከብዷት ዝቅ ብላ ስለነበር ከመኪናው ቤት በር በላይ በተጋደመው ጉበን ሥር ሰተት ብላ ገባች። ጆንያው ሲራገፍ ግን ባሌስትራው ተለቀቀና ሽቅብ ተነሳች። ጠዋት ልታወጣት ስትል ጣሪያዋ ከጉበኑ ጋር ተላተመ። ጎማውን ብታስተነፍሰውም አልበቃም፤ ቡናውም ተሽጦ ሄዷል። ያን ጊዜ ሰፈሩን ጠርተህ ሰው ጫንክባት። አደ ዘይነባ "እኔን እንደ ሁለት ጆንያ ቁጠሩኝ!" ብላ ፊት ተቀመጠች፤ የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ጊዲ ከነከዘራቸው ከኋላ ወጡ። መኪናዋ ዝቅ አለችና በጭብጨባ ወጣች። አንተ "ጉበኑን ልቁረጠው" ስትል ግን አባትህ "በእጄ የሠራሁትን ቤት ለመኪና አላፈርስም! መኪናህን አሳጥር" ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወዲያ ማደሪያዋ አቮካዶው ሥር ሆነ።

ለውትድርና ተጠርተህ የሄድክ ሰሞን አባትህ ራሱ ጆንያ ጭኖ አስገባትና ጭነቱን አራገፈ። "ዝናብ አይምታት። ሲመለስ ያውጣት" አለ። የመጣው መርዶህ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞተሯ አልተነሳም፤ ዶሮዋ ከጎማው ሥር ታቅፋ ትፈለፍላለች።

ዘንድሮ ቡናው ደህና ያዘና መኪናዋን ማውጣት ግድ ሆነ። ባለፈው እሑድ አባትህ መካኒክ ጠርቶ "የጨመረውን ብረት አውጣና እንደ ድሮዋ አድርጋት። እኛም አርጅተናል፣ እናቱም መውጣት አትችልም" አለው። እውነቱን ነው። እኔ ግን ያሰብኩት አንተ ያጠበቅከው ብሎን ሊፈታ መሆኑን ነው። ልብስህን ለድሃ ሰጥተናል። መቃብርህ እንኳ እዚህ አይደለም። በእጅህ ሠርተህ የተውክልን እሷን ብቻ ነው፣ ልጄ። ሄጄ ጎማዋን ተደግፌ ቆምኩ።

አደ ዘይነባ ገባትና አባትህን "አባ ታዴ፣ እንደዚያን ጊዜው ሰው ጫን እንጂ! እኔ እንደሆነ አሁን ሦስት ጆንያ ሆኛለሁ" አለችው። መካኒኩ መፍቻውን ይዞ ይጠብቃል። አባትህ እኔን አየ፣ ቀና ብሎ ጉበኑን አየ። ከዚያ ጓዳ ገብቶ መጋዙን ይዞ ወጣ።

ጣሪያውን በግንድ አስደገፈና ጉበኑን መቁረጥ ጀመረ። ጠንካራ ጥቁር እንጨት ነውና ቶሎ አልሄድ አለው። መካኒኩ ሊያግዘው ሲጠጋ "ተው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ" አለ። ሲጨርስ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ "ለካ ያጠረው ቤቱ ነበር" አለ። እንዲህ ሲል ብትሰማው እንዴት ደስ ባለህ! ባትሪዋ ሞቶ ስለነበር ሰፈሩ ገፍቶ አወጣት። አደ ዘይነባም ገፋች፣ እያለቀሰች። መኪናዋ አንተ በተውክበት ቁመት ወጣች።

የተቆረጠውን ጉበን አባትህ ጠርቦ መወጣጫ አደረገልኝ። መካኒኩ ባትሪዋን ቀይሮላት ማክሰኞ ወደ አጋሮ ስንሄድ በሱ ላይ ቆሜ ያለ ሰው እርዳታ ወጣሁ። ግን ከመውጣቴ በፊት ትንሽ ቆም አልኩ፤ ከኋላዬ እጅህን ጠበቅኩ። አባትህ አልጠራኝም፣ ሞተሩንም አላስነሳም። እስክወጣ ድረስ መሪውን ይዞ ጠበቀኝ።

አለሜ፣ እግሬ እስከቻለልኝ ድረስ እዚያ እንጨት ላይ በቆምኩ ቁጥር እጅህን እጠብቃለሁ። ከዚያ እወጣለሁ።

እናትህ