ጋሼ ቀይ ያሉት ቡናማ ሳንቲም

ውድ ጋሼ፣

ስልክ አያነሱም። በርዎን ሳንኳኳም «የለም በሏት» ሲሉ ድምፅዎ እስከ ውጭ ይሰማል። ስለዚህ ጻፍኩ። የሚያነቡልዎት እትዬ ናቸው። እትዬ፣ አደራዎን፣ የሚያስቆጣው ቦታ ላይ ሲደርሱ እንዳይዘሉት። ባለቤትዎ ሲናደዱ ግፊታቸው እንዳይነሳ እንደሚሰጉ አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ይናደዱ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይወቁልኝ። ሁልጊዜ ስለሚስቅ ጥርሱ ብለው ስም ያወጡለት ባልደረባችን ለአለቃችን እንዳሳበቀብዎት ላገኙት ሰው ሁሉ እየተናገሩ ነው አሉ። ምስኪኑ ሰውዬ ከዚያ ወዲህ መሳቅ ትቷል። ጥርሱ አይደለም ጋሼ። እኔ ነኝ። አለቃችን ቢሮ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ «ጋሼ ቀለም መለየት አቅቷቸዋል፤ ይፈተኑ» ያልኳት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ይቅርታ ልጠይቅዎት ብዬ አይደለም።

እትዬ፣ ጋሼ ጮኸው ሲያበቁ እርስዎ ይቀጥሉ።

ለድሮ የመዳብ ሳንቲም ደረጃ እንዴት እንደሚሰጥ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ጣቴ ፊቱን እንዳይነካ በጠርዙ ብቻ እንድይዘው፣ ላዩ ላይ እንዳላወራ፣ ትንፋሼ እንኳ እድፍ እንደሚሆንበት ነገሩኝ። ከመብራቱ ስር ቀስ ብለው አዘንብለው ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲዞር ያሳዩኝ ቀን፣ «አየሽ፣ ነፍስ አለው» አሉኝ። ከአንድ እስከ ሰባ የምንሰጠው ቁጥር ሳንቲሙ ምን ያህል እንደተፋቀ ይናገራል፤ የተቀረጸበት ፊት የቅንድቡ ጫፍ፣ የቅጠሉ ጅማት አለ ወይስ ሄዷል። ቀለሙ ግን የራሱ ቃል አለው፦ ከማተሚያው እንደወጣ የቆየው ቀይ፣ መጥቆር የጀመረው ቀይ ቡናማ፣ ጨርሶ የጠቆረው ቡናማ። ቡናማ መሆን ነውር አይደለም ይሉኝ ነበር፤ ነውሩ መታጠብና መወልወል ነው። አንዱ ላሳምረው ብሎ በኮምጣጤ አሽቶ ያመጣውን እርስዎ ከክንድ ርቀት ላይ አይተው «ይሄማ ታጥቧል» ብለው ይመልሱት ነበር። አንዱን ሳንቲም ሁለት ሰው ሳይመካከር ይፈርድበታል፣ ካልተስማሙ የሦስተኛው ቃል ይጸናል። ሦስተኛው እርስዎ ነዎት። በዚያ ክፍል ውስጥ ከእርስዎ ቃል በላይ ይግባኝ የለም።

ታዲያ አንድ ቀን የተወለወለውን ሳንቲም ቀይ ብለው ሲያሳልፉት አየሁ። የቀለዱ መሰለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ «ይሄ ለአንቺ ምን ይመስልሻል?» አሉኝ። ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሰው ጠይቀው አያውቁም! ከዚያ በኋላ ቀዮቹን በስተቀኝ፣ ቡናማዎቹን በስተግራ እየደረደርኩ ትሪውን ወደ እርስዎ መግፋት ጀመርኩ። እርስዎም ድርድሩን እየተከተሉ ይፈርዱ ነበር። አንድም ቀን አልተነጋገርንበትም። ቁጥሩ የእርስዎ፣ ቀለሙ የእኔ ሆኖ ወራት አለፉ። ቁጥሩን አንዴም አልሳቱም፤ እሱን ማንም አይክድዎትም።

ልጄ ታማብኝ ቤት የዋልኩ ዕለት አንዲት ሴት የሟች ባሏን ሳንቲም ይዛ መጣች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ስላልተስማሙ እርስዎ ጋ ደረሰ። እኔ የለሁም፤ ትሪው አልተደረደረም። «ቡናማ» ብለው ፈረሙ። በማግስቱ ፎቶውን አየሁት። ጋሼ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነበር። ሰውየው ዕድሜ ልኩን ከእርጥበትና ከእጅ ሲጠብቀው ኖሯል። ሴትየዋ ግን «እሳቸው ካሉ እሳቸው ያውቃሉ» ብላ በቡናማ ዋጋ፣ ከቀዩ እጅግ ባነሰ፣ ሸጣዋለች። ይህን ስሰማ ነው የአለቃችንን በር ያንኳኳሁት። ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ እርስዎን ላናግርዎት አስቤ ስለ ሌላ ነገር አውርቼ ተመልሻለሁ።

የፈተናው ዕለት አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። አለቃችን ደረጃቸው የተጻፈበት ወረቀት የተነሳላቸውን ሳንቲሞች ጥቁር ጨርቅ ላይ ደረደረች። ጥርሱና እኔ ቆመናል። የመጀመሪያውን በጠርዙ አነሱና አዘነበሉት። «ስልሳ አራት» አሉ። ልክ ነበር። ቀለሙ ላይ ሲደርሱ ሳንቲሙን ደግመው ወደ መብራቱ አስጠጉት። ግንባርዎ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«የእርስዎ ተራ ነው፣ ጋሼ።»

«መሆኑንማ አውቃለሁ። እኔ የጠየቅኩሽ...»

«ጋሼ፣ ዛሬ መጠየቅ አይቻልም» አለች አለቃችን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አንገቴን ደፋሁ። ወደ ግራ አንዴ ብመለከት ይበቃዎት ነበር። አልተመለከትኩም። «ቀይ!» አሉ፣ ጮክ ብለው። ሳንቲሙ እንደ ጫማዎ ቡናማ ነበር። ጥርሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እርስዎም ከዝምታችን ገባዎት። በዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ እንኳ ሳንቲሙን አልወረወሩትም፤ በጠርዙ እንደያዙ ቀስ ብለው አስቀመጡትና ኮትዎን አንስተው ወጡ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እርስዎ ከወጡ በኋላ የሆነውን አልሰሙም። አለቃችን ወንበርዎን ለእኔ ልትሰጠኝ ነበር። አሁን «ድሮም ወንበሬን ፈልጋ ነው!» እንደሚሉ አውቃለሁ። አልተቀመጥኩበትም። «ዓይናቸውን ታክመው ይመለሱ፣ እስከዚያ ባዶ ይሁን» ብዬ ሞገትኳት፤ ጥርሱም አብሮኝ ሞገተ። እስከ ወሩ መጨረሻ ትጠብቅዎታለች። ከዚያ ካለፈ ከሌላ ቦታ ሰው ታመጣለች፤ ነገሩ ያልቃል።

ሕመምዎ የዓይን ሞራ ግርዶሽ መሆኑን እትዬ ነግረውኛል። እሳቸውን አይቆጧቸው። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ በቆየ ቁጥር ግን እየጠጠረ ያስቸግራል ብሏል። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰጥቶዎት አንዱን ራሴን አመመኝ ብለው፣ ሌላውን ዝናብ ነው ብለው ቀሩ። ጋሼ፣ ያን ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

የሚፈሩትን አውቀዋለሁ። ታላቅ ወንድምዎ ዓይኔን ልታከም ብለው ሄደው ብርሃናቸው ሲጠፋ፣ እጃቸውን ይዘው እየመሩ ወደ ቤት የመለሷቸው እርስዎ ነዎት። የእሳቸው ሕመም ሌላ እንደነበር እትዬ ሐኪሙን ጠይቀው አረጋግጠዋል። ቢሆንም መፍራትዎን አልነቅፍም፤ እኔም እፈራለሁ። ምንም አይሆኑም ብዬ አልምልልዎትም። ግን ነገሩ ቀይና ቡናማ ላይ አይቆምም። ነገ የእትዬን ፊትም ይወስድብዎታል።

ናፍቀውኛል። ሥራ ቦታ የሚሰድበኝ ሰው አጣሁ። እንደ አባቴ ነው የምወድዎት፤ ፊት ለፊት ብነግርዎት ኖሮ «ምን ነካሽ አንቺ?» ብለው ወደ ሥራዬ ይመልሱኝ ነበር።

ለዛሬ ሌላ ቀጠሮ አለ። ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለእትዬ ሰጥቼ ወደ ቤቴ አልሄድም፤ አሁን ይህን እየሰሙ ሳለ ከበርዎ ውጭ ቆሜያለሁ። ጥርሱም መኪናውን ይዞ መጥቷል፤ ስሙን ያን ያህል ካጠፉትም በኋላ መጥቷል። ልብስዎን እትዬ በቦርሳ አዘጋጅተውታል። ሊሰድቡኝ ከፈለጉ መንገዱ ይበቃዎታል፤ ከኋላ አብሬዎት ተቀምጬ እሰማለሁ። እምቢ ካሉም አስገድጄ አልወስድዎትም።

እትዬ፣ ንባቡ እዚህ ላይ አለቀ። እርስዎ አይነሱ። በሩን ጋሼ ራሳቸው ይክፈቱት።

ከደጃፍዎ፣
ተማሪዎ