ቺፕስህን በልቻለሁ፤ ድምፄን መልስ

ውድ ቦዩን፣

እባክህ ተቀመጥ። ውኃም አጠገብህ ይኑር። በጥልቅ ሐዘን የማረዳህ ነገር አለ። በኮምፒውተርህ አናት ላይ ቀን ከሌት ሳታጉረመርም ስታገለግል የኖረችው አረንጓዴዋ የቺፕስ እሽግ፣ ባለፈው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች። የቀብር ሥነ ሥርዓቷም ወዳጅ ዘመድ ባልተገኘበት በሆዴ ውስጥ ተፈጽሟል። ኮኮናት ኮኮናት ትል ነበር። ነፍሷን ይማር።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ግን ጸጸት ይዞኝ እንዳይመስልህ። እናትህን «ስታጸጂ አንቺ ነሽ የቀየርሽው» ብለህ እንዳኮረፍካቸው ስለሰማሁ ነው። እትዬ ንጹሕ ናቸው። ሂድና ይቅርታ ጠይቃቸው፤ ስትጠይቅም ጎንበስ በል፤ ከተመለስክ በኋላ ቀጥለህ አንብብ።

ተመለስክ? ጥሩ።

«ያለ ዋስትና» የሚባለውን የኢንተርኔት ዝግጅታችንን ስንጀምር ታስታውሳለህ? በኤሌክትሮኒክስ ገበያው ምድር ቤት ባለው ሱቅህ፣ ግማሹ የተሰባበረ ስልክ፣ ግማሹ ደግሞ የእናትህ የተቀቀለ እንቁላል በሆነ ጠረጴዛ ላይ። አንተ ትቀርጻለህ፣ እኔ አወራለሁ። ስለምን? ዓርብ ዕለት አፌ ላይ ስለመጣው። «የሚታጠፍ ስልክ ማለት ዓመት ሳይሞላው ወገቤን የሚል ስልክ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ሶፍትዌሩ ‹አድሰኝ፣ አድሰኝ› እያለ ይለማመጥሃል፤ ስታድሰው ትናንት የሚሠራው ዛሬ አይሠራም፤ ከዚያ ‹ጥቃቅን ስህተቶች ተወግደዋል› ይልሃል። የተወገድከው አንተ ነህ ያልኩትም እኔ ነኝ። ያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታይፔን ሲንጣትስ? ማስጠንቀቂያው መሬቱ ጸጥ ካለ በኋላ ሲጮኽ፣ ጠረጴዛ ሥር እንደተሸጎጥኩ «ይሄ ስልክ የመንግሥት ሠራተኛ ነው መሰለኝ፤ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው» አልኩ። ከሳቅህ የተነሳ ካሜራው ከእጅህ ወደቀ። አሁንም ጥጉ ተሰንጥቆ አለ፤ ሄደህ እይ።

አንተ ግን አንድ ቃል ተናግረህ አታውቅም። ካሜራ ፊት ስትቆም እንደ አኩሪ አተር ወተት ድስት ክዳን ላብ ያጠምቅሃል። በዚህ አልስቅብህም። እሺ፣ ስቄብሃለሁ፤ ግን ሁለታችንም አብረን ነው የሳቅነው።

ከአዲስ ዓመት በዓል በኋላ ጠራኸኝና «ዩቺ፣ አንድ ነገር ላሰማህ» አልከኝ። ቁልፉን ነካህ። እኔ ነበርኩ። የኔ ድምፅ፣ ያላወራሁትን ነገር ያወራል። ሳቄ ሳይቀር አለች፤ ያቺ በአፍንጫዬ የምትወጣዋ። ዓርብ ዓርብ የቀረጽከውን ሁሉ ለማሽንህ አብልተኸዋል።

«ይሄ ነገር ቁርስ ይበላል?» አልኩህ።

«አይበላም። አያረፍድም። ‹ዛሬ ሆዴን አሞኛል› አይልም።»

«ታዲያ እኔስ?»

«አንተማ ትንሽ ዕረፍት አድርግ።»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ቀልደኛ ሰው ሲሰረቅ እንኳ መጀመሪያ የሚመጣለት ሳቅ ነው። አንተም ሳቄን እንደ ፈቃድ ቆጠርከው። ወጥቼ ባቡር ውስጥ ስገባ ግን አንዲት ሴትዮ ስልኳን ከፍታ እኔን ታዳምጣለች። እኔ ዝም ብዬ አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ እኔ ከስልኳ ውስጥ እለፈልፋለሁ። «እኔ እኮ ነኝ» ብላት ፖሊስ ትጠራ ነበር።

ይህንንም ቢሆን እውጠው ነበር። ያልወረደልኝ የአያቴ ነገር ነው።

አያቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ታውቃለህ። ዓርብ ዓርብ ሬዲዮ እንደሚሰማ ሰው ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው ነው የሚያዳምጡኝ። አንድ ቀን ቤት ስገባ አንድ ክብ ነገር ወለሉ ላይ እየዞረ ከአያቴ ከዘራ ጋር ይጣላል።

«አባባ፣ ምንድነው ይሄ?»

«መጥረጊያ ነዋ። ራሱን ችሎ ይጠርጋል።»

«ማን ግዙ አለዎት?»

«አንተ ነህ እንጂ! ዓርብ ዕለት። ‹ለአያቴ የምሰጠው ይሄን ነው› አላልክም? አንተ እስክትሰጠኝ ብጠብቅ ሞት ይቀድምሃል ብዬ ራሴ ገዛሁት።»

መጥረጊያው እዚያው በቆምንበት ለቅድመ አያቶቻችን መታሰቢያ ፍሬ ከምንደረድርበት ጠረጴዛ ሥር ገባና እግሩን ገጨው። የተደረደረው ብርቱካን ተንከባለለ። ከዚያም በሚያምር የሴት ድምፅ «ተጣብቄያለሁ፣ እባክዎ ይርዱኝ» ይል ጀመር። አያቴ በጉልበታቸው ሊንበረከኩ ሲሉ ያዝኳቸው።

«አባባ፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ቦዩን በማሽን የሠራው ድምፅ ነው።»

«ሳቅህን አጣዋለሁ? ከተወለድክ ጀምሮ የማውቀውን ሳቅ!»

«እሱም የማሽኑ ነው።»

ብርቱካኑን በእጃቸው እየዳበሱ ሰበሰቡ። ከዚያ «እንግዲያው ከዛሬ ወዲያ አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ።

በአፍንጫዬ ልስቅላቸው ነበር፤ እሷም ሳቅ ማሽንህ ውስጥ አለች። ያን ጊዜ ነው ዋጋህን ልሰጥህ የማልኩት።

መጀመሪያ መዶሻ አሰብኩ። መዶሻ ግን ቀልድ የለውም። ቀጥዬ ያቺን አረንጓዴዋን አሰብኳት።

ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ስሟ ራሱ «ጨዋ ሁን» ማለት የሆነ እሽግ እንዳይበላሽ ተብሎ አናቱ ላይ ያልተቀመጠችበት ማሽን በዚህ ከተማ የት አለ? ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ የባቡር ትኬት መቁረጫውም ጨዋ የሚሆነው በእሷ ነው። አረንጓዴ መሆን አለባት። ቢጫ ከሆነች ማሽኑ ያኮርፋል፤ ቀይ ከሆነች ይቆማል። ከተከፈተች ወይ የመጠቀሚያ ቀኗ ካለፈ ደግሞ ራስህ ለማሽኑ መርዝ አጠጣኸው ማለት ነው። አንተ አያቴ ቤተ መቅደስ ሄደው ዕጣ ሲጥሉ የምትስቀው፣ ዲፕሎማህን በመስታወት አስገብተህ የሰቀልከው፣ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ስትከፍት ለቺፕስ አንገትህን ስትሰብር እኔ አላየሁም ብለህ ነው?

ዓርብ በምሳ ሰዓት መጣሁ። እትዬ በር ላይ አገኙኝ።

«ጦጣው! የት ጠፋህ? እንዴት ከስተሃል!»

«መፍቻዬን ረስቼ ነው፣ እትዬ።»

«ግባ ግባ። ልጄ ምሳ ሊገዛ ወጥቷል። አንድ እንቁላል ሳትበላ ግን አትሄዳትም።»

እንቁላሉን በላሁ። ቀጥዬ አረንጓዴዋን በላሁ። በቦታዋ ይዣት የመጣሁትን ቢጫዋን አስቀመጥኩ፤ ፊቷንም ወደ ካሜራው አዞርኳት። ማሽንህን ግን በጣቴ አልነካሁትም። በአያቴ ዓይን እምላለሁ። መፍቻዬን ይዤ ወጣሁ።

አመሻሹ ላይ ከአያቴ ጋር ተቀምጠን ቀጥታ ስርጭትህን ከፈትን። ድምፄ ጀመረ። ስለ አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ይተነትናል። እንደ ሰዓት ይሠራል፤ አንዲት ቃል አልተደናቀፈም። ለቢጫዋ ደንታም አልነበረው። ልናደድ ትንሽ ሲቀረኝ ከታች አንድ ተመልካች «እሽጓ ቢጫ ናት እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ያ ተመልካች ማን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ከዚያማ ዝናብ ሆነ። «ቢጫ ናት!» «ኧረ ቢጫ ናት፣ አንሳት!» «እናንተ ሰዎች አብዳችኋል?» አዲሱን የጆሮ ማዳመጫ የሚያየው ጠፋ፤ ሕዝቡ ቺፕስ ላይ አፈጠጠ።

ከዚያ ፊትህ ካሜራው ውስጥ ገባ። ዞር ብለህ አየሃት። ያን ፊትህን ቀርጬዋለሁ፤ ሲከፋኝ እያየሁ እድናለሁ። ዘለልክ፣ እግርህ ገመዱን ጠለፈ፣ ሶኬቱ ተነቀለ። ድምፄ «እኔ በበኩሌ ይህን ዕቃ…» እንዳለ ቀረ። አየህ? ማሽኑ ጨዋ ነበር። የረበሽከው አንተ ነህ።

ካሜራው ግን በባትሪ ነው፤ ስርጭቱ በእሱ ቀጠለ። ብቻህን ቀረህ። ላቡ መጣ። ያ ሁሉ ሰው አፍህን ይጠብቃል። «እ… እ… ዩቺ…» አልክ። ዋጥ አደረግህ። «ዩቺ ዛሬ የለም። ብዙ ጊዜ ሆነው። እ… ያ እሱ አልነበረም።»

አያቴ ቀና አሉ። «ይሄኛው ደግሞ ማነው?»

«ቦዩን ነው፣ አባባ።»

«ይሄ እውነተኛ ነው» አሉ። «ማሽን እንዲህ አይንተባተብም።»

እንግዲህ ስማ። ለዚያ መንተባተብህ ብዬ ግማሹን ቂሜን ትቼልሃለሁ። ግማሹ አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መጥረጊያውን ነገ እናትህ ጋ አደርሰዋለሁ፤ አያቴ «ላስገዛኝ ሰው ይመለስ» ብለዋል። አልጋህ ሥር ገብቶ «እባክዎ ይርዱኝ» ሲልህ አንተ ተንበርከክ።

ከደብዳቤው ጋር አዲስ አረንጓዴ እሽግ ልኬልሃለሁ። በጀርባዋ የተጻፈውን ቀን እይ። መርጬ ነው የገዛኋት፤ ሩቅ አይደለም። ያ ቀን ሳይደርስ ድምፄን ከማሽንህ አጥፋ፤ ስታጠፋውም አያቴ ፊት ይሁን፣ በጆሯቸው ይስሙት። ካላጠፋህ እኔ ምንም አላደርግም። ብቻ አንድ ተመልካች ዓርብ ዕለት «ቀኗ አላለፈም እንዴ?» ብሎ ይጽፋል። ካጠፋህ ደግሞ ወንበሬን አራግፈህ ጠብቀኝ። እንደ ድሮው አርፍጄ እመጣለሁ።

በእጄ የጻፍኩት ማሽንህ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ጽሕፈት ስለማይችል ነው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የሆነው ነገር ይህን ያህል መርዶ የሚያስነግር አልነበረም። አንድ እሽግ ቺፕስ ተበላች። ያውም መንኮሻኮሽ ትታ፣ ለስልሳ ነበር።

ከነሳቁ እውነተኛው፣
ዩቺ