በቤድፎርዱ ስብሰባ ስለ ተነገረው ሞቴ

ለሰሜን ቴክሳስ ኢትዮጵያውያን የጤና ውይይት መድረክ
ሰብሳቢ ለተከበሩ ወይዘሮ ጸጋ
ዋይሊ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2025

ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖሬ ለተሰብሳቢው እንዲገለጽልኝና ታሪኬን ራሴ እንድናገር እንዲፈቀድልኝ ስለ መጠየቅ

እኔ አመልካች በኤርፖርት የሻንጣ ክፍል የምሠራ ስሆን፣ ኢንሹራንስ ባልነበረኝ ጊዜ የሐሞት ጠጠር አሞኝ፣ ሥራ ላይ ወድቄ፣ በኦፕሬሽን ድኛለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን አባል አቶ ይርጉ፣ መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሠራተኞች ኢንሹራንስ ይስጥ ብለው ሲከራከሩ ታሪኬን ለመጥቀስ ኮል አድርገው አስፈቀዱኝ። ለበጎ ነው ብዬ እሺ አልኩ።

፩. ሳክሲ ከተማ በተደረገው ስብሰባ አቶ ይርጉ የሆነውን እንደሆነው ተናገሩ፤ ማንም አላለቀሰም። በሚቀጥለው ስብሰባ ጠጠሩ ካንሰር ሆነ፤ ያልወለድኳቸው ሦስት ልጆችም ተጨመሩልኝ። ባለፈው ቅዳሜ ቤድፎርድ ላይ ሞትኩ።

፪. ከሥራ ዘግይቼ ገብቼ ከኋላ ቆሜ ነበር። «ይቅርታ፣ እኔ አልሞትኩም» ብል፣ አጠገቤ እንባቸውን የሚጠርጉ እናት ክንዴን ይዘው «ልጄ፣ ሰው እያዘነ አይረበሽም» አሉኝ። ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ልጆቼ ሲነሡ እኔም አልቅሻለሁ።

፫. የመንግሥት ኢንሹራንስን የሚቃወሙት ተከራካሪያቸው አቶ ገመቹ የቁጥር ሰንጠረዣቸውን ዘርግተው፣ አንድ ሰው ሞተ ተብሎ አማካዩ እንደማይለወጥ አስረዱ። ሰው ከተበተነ በኋላ ሁለቱንም ቀርቤ አነጋገርኳቸው። አቶ ገመቹ ደስ ብሏቸው፣ ያለ ኢንሹራንስም እንደሚዳን ማስረጃ ነሽ አሉኝ። አቶ ይርጉ ግን ወደ ጥግ ወስደውኝ «እህቴ፣ በሕይወት ሆነሽ ማን ይሰማሻል?» አሉ። ወሬው አዳማ ደርሶ፣ ወንድሜ ድንኳን ሊያስተክል ሲል በስልክ ደረስኩበት።

፬. ሁለቱም ያልጠየቁኝ ነገር አለ። ታምሜ ስሠራ የፈራሁት ሞትን ሳይሆን አምቡላንስንና ሂሳቡን ነው። ሆዴን ሲቆርጠኝ፣ ልዩ የምትባል ባልደረባዬ ደንግጣ አምቡላንስ እንዳትጠራብኝ እስቅ ነበር። ብዙ ሳቅኩ። ልዩ እስከ ዛሬ ተጫዋች ሴት ነሽ ትለኛለች።

ስለዚህ በሚቀጥለው መድረክ መኖሬ እንዲነገርልኝ፣ ታሪኬንም በራሴ አፍ እንድናገር እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። አቶ ይርጉ ማልቀስ ቢፈልጉ ከወንበራቸው ሆነው ይችላሉ። አቶ ገመቹም እንዳይቀሩብኝ እለምናለሁ፤ እንደ እኔ አምቡላንስ እንዳይጠራበት እየሳቀ የሚሠራ ስንት ሰው እንዳለ፣ ቁጥሩን ይዘውልኝ ይምጡ።

ከአክብሮትና ከሙሉ ጤንነት ሰላምታ ጋር
ወሰንየለሽ ክፍሉ
(ፊርማ)