ለግሪክ ያዘኑት ጋሽ ሠረቀብርሃንና የአሚን ስኳር

አሚን፣ ሚዛኑን ትንሽ ተወውና ስማኝ። ለጋሽ ሠረቀብርሃን ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፤ ማኅበሩ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ስድብ እንዳታስገባበት ልትለኝ ነው፤ አላስገባም፣ ትልቅ ሰው ናቸው።

ለሰፈራችን የሱቅ ነጋዴዎች ማኅበር ሰብሳቢ፣ ለክቡር ጋሽ ሠረቀብርሃን፦

ጤናዎ የተሟላ፣ የማኅበሩም መጋዘን የሞላ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ባለፈው ሐሙስ ከጪጩ ሲመለስ በሞተር አደጋ የሞተውን ወንድሜን አሚንን በዝናብ ቆመው ስለቀበሩልን በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

1ኛ. ሰኔን ሙሉ ማታ ማታ ራዲዮዎን ይዘው ሱቃችን ደጃፍ በመቀመጥ የግሪክን ጉዳይ ስላስረዱን ባለውለታዎ ነን። የአውሮፓ አበዳሪዎች ግሪክን ጡረታ ቀንሺ፣ ግብር ጨምሪ፣ በጀትሽን በእኛ ደንብ አውጪ ማለታቸውን፣ ሕዝቡም ይህን ይቀበል እንደሆነ ድምፅ ሊሰጥ መሆኑን የሰማነው ከእርስዎ ነው። ለወደቀ ሰው ዕዳው ይሰረዝለታል እንጂ ደንብ መጨመር ግፍ ነው ብለው ሲቆጡ፣ አሚን ሚዛኑን ትቶ ያዳምጥዎት ነበር።

2ኛ. የሟች ነፍስ በዕዳው ተይዛ እንደምትቆይ የምናምን በመሆናችን፣ አጎቴ እንደ ወጋችን መቃብሩ ላይ ቆሞ፣ ከአሚን የሚፈልገው ያለው እኔን ይጠይቅ፣ የሚተውለትም አፉ ይበለው አለ። ሽንኩርት የምትሸጠው ሮማነወርቅ ሳትቀር ሰው ሁሉ አፉ ሲል፣ እርስዎ ግን አሚን ከማኅበሩ በዱቤ የወሰደው ሁለት ኩንታል ስኳር በስሜት የሚተው እንዳልሆነ ገልጸው፣ እንደ ግሪኮቹ ድምፅ ይሰጥበት አሉ። አፈሩ ሳይደርቅ ዲሞክራሲን ስላስተማሩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

3ኛ. ስብሰባውንም ግሪኮች ድምፅ በሚሰጡበት እሑድ ስላደረጉት እናመሰግናለን። አባል ስላልሆንኩ ውጭ መቆሜ ተገቢ ነበር። ዕዳው እንዳይሰረዝ መጀመሪያ እጅ ያወጡት እርስዎ እንደነበሩ፣ ሌሎቹም የእርስዎን እጅ እያዩ ቀስ በቀስ እንዳወጡ በመስኮት ተመልክቻለሁ። ማታ ግሪኮች የአበዳሪዎቹን ደንብ አንቀበልም ማለታቸው ሲነገር ያጨበጨቡት ጭብጨባ እስከ ሱቃችን ተሰምቷል።

4ኛውን ትቼዋለሁ። አሚን ይበቃል ይል ነበር።

አጎቴ ወደ ቡታጅራ ስለተመለሰ፣ ትናንት ሰኞ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ለረመዳኑ የሌሊት ምግብ፣ ለሱሁር፣ የሚቀሰቅሰኝ ስላልነበረ ሳልበላ ጾምኩ። ሱቁን ከፈትኩ፣ የቀረውን ስኳር በጋሪ አስጭኜ ማኅበሩ በር ላይ አወረድኩ፣ ለጎደለው የአሚንን ሚዛን ከላዩ አስቀመጥኩ። ጸሐፊዎ ወንድይራድ፣ ከአሚን የሚፈለግ ነገር የለም ብሎ ተረከበኝ፤ ዓይኔን ግን አላየኝም።

ፍትሕ ወዳድነትዎን፣ በተለይም ከባሕር ማዶ ላለው ሰው የሚያሳዩትን፣ ከልብ የማደንቅ ታናሽዎ፣

ሙዘሚል፣ የአሚን ወንድም
የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ዲላ
ሰኔ 30 ቀን 2007 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ የግሪክን ወሬ ላዳመጡበት ራዲዮ ከሱቃችን በዱቤ የወሰዷቸውን የባትሪ ድንጋዮች በተመለከተ፣ በአሚን ስም አፉ ብዬዎታለሁ። ድምፅ አልተሰጠበትም፤ ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።