የስርጉት ነጥብ

ለወንድሜ ለየሻው፣

እንደምን ሰንብተሃል? የአርባ ምንጭ ሙቀት ተስማማህ? እኛ በመድኃኔዓለም ቸርነት ደህና ነን። የሞጣ ብርድ እንደምታውቀው ነው፤ ጤፉም ተወቅቶ ገብቷል። ልጄ ስርጉት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት።

ባለፈው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ ሁለት አጥኚዎች ቤታችን መጥተው ነበር። የሞጣንና የቢቸናን ወጣቶች ጠባይ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ በነጥብ ይለካሉ። ስለ ልጅዎ ይንገሩን ሲሉኝ፣ ለአማች ሽማግሌ የምናገር ይመስል አሞገስኳት።

«ስታወራ የሰው ዓይን ታያለች?»

«ኧረ ወዲያ! ጨዋ ናት፤ ቀና ብላም አታውቅ።»

«ዕቃ ከቦታው ቢነሳስ?»

«በርጩማ እንኳ ቢነሳ ሳትመልሰው እህል አትቀምስም። ባለሙያ ናት።»

ባሞገስኳት ቁጥር ሴቷ አጥኚ ወረቀቱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ሲጨርሱ ነጥቧን ጠየቅኩ። «ከፍ ያለ ነው» አለችኝ። እሰይ ብዬ መረቅኳት። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነጥቡ እንዲህ ከፍ ሲል ሐኪም ቢያይ ይሻላል፤ አይቷት ያውቃል?» አለች። ታማ እንደማታውቅ ነገርኳት።

የቢቸና ሽማግሌዎች ከፋሲካ በኋላ ሊያጯት ይመጣሉ። እነሱም ጨዋነቷን ሰምተው ነው። አንተ የተማርክ ነህና ቀደም ብለህ ብትመጣ ደስ ይለኛል።

ሰሞኑን ፀጉሯን ስሠራት አገጯን ቀና አድርጌ «እስቲ እዪኝ» እላታለሁ። እሺ ብላ ግንባሬን ታያለች።

ጎረቤቱ ሁሉ በያለበት ሰላም ብሎሃል። ስርጉትም ሰላም ብላሃለች፤ በይ ያልኳት እኔ ነኝ።

እህትህ ወይንእሸት